ለግንባታ ጨረታ ትክክለኛ የዋጋ ግምት አዘገጃጀት፦ ከሰነድ ንባብ እስከ ፖስታ ማሸግ

ለግንባታ ጨረታ የሚቀርብ ዋጋ በሁለት በኩል ይጎዳል። ከበዛ ሥራው ለሌላ ይሄዳል፤ ካነሰ ደግሞ ሥራው ይገኝና ኪሳራው ተከትሎ ይመጣል። የሚከፋው ሁለተኛው ነው። ያሸነፈው ተቋራጭ ጉድለቱን የሚያውቀው ዋስትና አስይዞ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ መንገዱን ካጋመሰ በኋላ ስለሆነ መመለሻ የለውም።

በብዙ ቢሮዎች ያለፈውን ጨረታ ነጠላ ዋጋ (የአንድ መለኪያ ሥራ ዋጋ) ገልብጦ ጥቂት መቶኛ መጨመር ልማድ ሆኗል። ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ያለፈው ዋጋ የተሠራው ለሌላ አፈር፣ ለሌላ ርቀት፣ ለሌላ የክፍያ ሁኔታና ለሌላ የጊዜ ሰሌዳ ነው። ዋጋ መነሳት ያለበት ሥራው እንዴት፣ በማን፣ በምን መሣሪያና በስንት ቀን እንደሚሠራ ከመወሰን ነው። ይህ ሳይወሰን የሚጻፍ ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ሰው አይኖርም፤ ስህተት ቢኖርበትም ማንም ፈልጎ አያገኘውም። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ እያንዳንዱ ቁጥር ምንጩ እንዲታወቅ ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

ደረጃ 1፦ ሰነዱን ከውሉ ጀምረው ያንብቡ

ሰነዱ እጅዎ ሲገባ በቀጥታ ወደ ሥራ ዝርዝሩ (የሥራ ዓይነቶቹና መጠናቸው ወደተዘረዘረበት ሰንጠረዥ) አይሂዱ። በቅድሚያ መነበብ ያለባቸው ለተጫራቾች የተሰጠው መመሪያና የውሉ ልዩ ሁኔታዎች ናቸው። በአንድ ገጽ ላይ የሚከተሉትን መልሶች ጽፈው ይያዙ፦ ውሉ በተሠራው ልክ እየተለካ የሚከፈል ነው ወይስ በጥቅል ዋጋ? የዋጋ ማስተካከያ ይፈቀዳል? ቅድሚያ ክፍያ ስንት በመቶ ነው፣ እንዴትስ ይቀነሳል? ክፍያ ከተጠየቀ በኋላ በስንት ቀን ይለቀቃል? ከየክፍያው ተቀንሶ የሚቆየው የመያዣ ገንዘብና የመዘግየት ቅጣቱ ስንት ነው? አሠሪው ራሱ የሚያቀርበው ዕቃ አለ?

እነዚህ መልሶች ተመሳሳይ ንድፍ ያላቸውን ሁለት ሕንፃዎች ዋጋ ሊያራርቁ ይችላሉ። ለምሳሌ ውሉ በጥቅል ዋጋ ከሆነ በሥራ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው መጠን ቢያንስ ጉዳቱ የተቋራጩ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ከንድፉ እንደ አዲስ መለካት አለበት። እየተለካ የሚከፈል ከሆነ ግን ዋናው ጥያቄ ወደ ነጠላ ዋጋው ትክክለኛነት ያዘነብላል።

ቀጥሎ ስፔሲፊኬሽኑን፣ ማለትም የዕቃውንና የአሠራሩን ጥራት የሚወስነውን ሰነድ፣ ያንብቡ። ገንዘብ ተደብቆ የሚገኘው እዚያ ነው። በሥራ ዝርዝሩ ላይ «ኮንክሪት ለሶሌታ» (ለፎቅ ወለል) ተብሎ በአንድ መስመር የተጻፈው ሥራ በስፔሲፊኬሽኑ ውስጥ ዝቅተኛ የሲሚንቶ መጠን፣ የሙከራ ናሙና ብዛት፣ ውኃ የሚጠጣበት ቀንና የፎርምወርኩ (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ ማውጫ) ዓይነት ተዘርዝሮ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ ንድፉን፣ በመጨረሻም የሥራ ዝርዝሩን ይመልከቱ።

ሲያነቡ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር አይጠፋም። ንድፉ የግድግዳውን ውፍረት 20 ሳንቲ ሜትር ሲል ዝርዝሩ 15 ይላል፤ አንዱ ሉህ ላይ ያለው በር በሌላው ላይ የለም። በግምት አይለፉት። የማብራሪያ መጠየቂያው ጊዜ ሳያልፍ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱ እስኪመጣም በውሉ መሠረት የትኛው ሰነድ የበላይ እንደሆነ አይተው ይያዙት። በኋላ የሚመጡ ማሻሻያ ደብዳቤዎችን በቁጥራቸው መዝግቡ። አንዱን ሳያካትቱ ማስገባት ከጨረታው እስከ መሰረዝ ያደርሳል።

በዚህ ደረጃ መጨረሻ ላይ አንድ ውሳኔ ይጠብቅዎታል፤ መጫረት ወይስ መተው። ጊዜው ካጠረ፣ ውሉ አደጋውን ሁሉ በተቋራጩ ላይ ከጫነ፣ ወይም ለሥራው የሚሆን ባለሙያ ከሌለ ጨረታውን መተው የሚያስከብር ውሳኔ ነው። በጥድፊያ አምስት ግምት ከማዘጋጀት ሁለቱን በጥንቃቄ መሥራት ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ቦታውን በዓይንዎ ይዩ

ግምቱን የሚሠራው ሰው ራሱ ሳይሄድ ሌላ ሰው ልኮ ፎቶግራፍ ማስመጣት በቂ አይደለም። ቦታው ላይ ሆነው የሚያዩት ነገር ሁሉ ወደ ቁጥር የሚለወጥ መሆን አለበት። ከባድ መኪና እስከ ምን ድረስ ይገባል? ካልገባ ዕቃው በሰው ጉልበት የሚጓዝበት ርቀት ስንት ሜትር ነው? ውኃና መብራት አለ ወይስ በቦቴና በጄነሬተር ይሸፈናል? የተቆፈረ አፈር የሚደፋበት ቦታ ምን ያህል ይርቃል፣ ክፍያስ አለው? ሲሚንቶና ብረት የሚቀመጥበት ስፍራ በግቢው ውስጥ ይበቃል? አጠገቡ ያለው ሕንፃ በቁፋሮው ምክንያት ድጋፍ ይፈልጋል?

የአፈር ምርመራ ሪፖርት ካለ ይዘውት ይሂዱና በአካባቢው ተከፍተው ከሚታዩ ጉድጓዶችና የመንገድ ቁርጦች ጋር ያስተያዩት። በአቅራቢያው የሠሩ ሰዎችን ያነጋግሩ። በስንት ሜትር ውኃ እንደመጣባቸው፣ ድንጋይ አጋጥሟቸው እንደሆነ፣ በዝናብ ወቅት መንገዱ ተዘግቶባቸው እንደሆነ ይነግሩዎታል።

ደረጃ 3፦ መጠኑን ራስዎ ይለኩ

በሙያው ቴክ ኦፍ የሚባለው ይህ ሥራ አሰልቺ ነው ተብሎ ለጀማሪ ይተዋል። እኔ ግን ልምድ ያለው ሰው እጅ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም የሚለካ ሰው ሕንፃውን በሐሳቡ አንድ ጊዜ ይገነባዋል፤ ንድፍ ላይ የተረሳ ነገር የሚታየውም በዚያን ጊዜ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ውሉ የሚጠቀመውን የአለካክ ደንብ ይወቁ። ደንቡ የመስኮትና የበር ክፍተት ከየትኛው ስፋት ጀምሮ እንደሚቀነስ፣ ቁፋሮ በተጣራ ልክ ወይም ከነመሥሪያ ቦታው እንደሚለካ፣ የብረት መደራረብ (ሁለት ብረቶች ሲቀጠሉ የሚደራረቡበት ርዝመት) ይከፈል አይከፈል እንደሆነ ይወስናል።

የቁፋሮውን ነገር በቁጥር እንየው። ጎንና ጎኑ 2 ሜትር የሆነ ፉቲንግ (የምሰሶ መሠረት) በ1.50 ሜትር ጥልቀት ይቆፈር ቢባል የተጣራው መጠን 6 ሜትር ኩብ ነው። ሠራተኛው ገብቶ ፎርምወርክ እንዲያቆም በየጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር ቢጨመር ግን ጉድጓዱ 3 በ3 በ1.50፣ ማለትም 13.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከእጥፍ በላይ ነው። ደንቡ የሚከፍለው የተጣራውን ብቻ ከሆነ የአንድ ሜትር ኩብ ነጠላ ዋጋ የ2.25 ሜትር ኩብ ቁፋሮ መሸከም አለበት። የተጨመረውን 7.5 ሜትር ኩብ መልሶ የመሙላትና የመጠቅጠቅ ወጪም እዚያው ውስጥ መግባት አለበት። ይህን ያላሰበ ተጫራች ገና መሠረት ሳይወጣ ከስሯል።

ግድግዳ ሲለኩ የመካከለኛውን መስመር ርዝመት ይያዙ። በውጭ ልኩ 10 በ8 ሜትር የሆነ ቤት ዙሪያው 36 ሜትር ነው፤ የግድግዳው ውፍረት 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የመካከለኛው መስመር 35.2 ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ በአራቱ ማዕዘን ሁለት ጊዜ የተቆጠረው ነው። በ3 ሜትር ከፍታ 2.4 ሜትር ካሬ ነው፤ ከነመጋጠሚያው 40 በ20 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ብሎኬት በሜትር ካሬ 12.5 ስለሚገባ 30 ብሎኬት ማለት ነው። በአንድ ቤት ትንሽ ቢመስልም በብዙ ፎቅ ሲባዛ ትርጉም አለው።

ብረት ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የአንድ ሜትር ፌሮ ክብደት በኪሎ ግራም ለማግኘት የዲያሜትሩን ሚሊ ሜትር በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል ይበቃል፤ ባለ 12ቱ 0.888፣ ባለ 16ቱ 1.58 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ክብደት ግን ግማሹ ነገር ነው። ብረት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በ12 ሜትር ርዝመት ስለሆነ አቆራረጡ ራሱ ዋጋ አለው። የወለሉ ከፍታ 3 ሜትር የሆነ ምሰሶ ባለ 16 ብረት ይዞ መደራረቡ የዲያሜትሩ 50 እጥፍ፣ ማለትም 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አንዱ ብረት 3.80 ሜትር ይሆናል። ከአንድ ዘንግ ሦስት ይወጣና 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይተርፋል። የወለሉ ከፍታ ወደ 3.30 ሲያድግ ግን ብረቱ 4.10 ሜትር ይሆናል፤ ከአንድ ዘንግ የሚወጣው ሁለት ብቻ ሲሆን የሚተርፈው 3.80 ሜትር ነው። ለዚያ ትራፊ ሌላ ቦታ ካልተገኘለት ከዘንጉ 31 በመቶ በላይ ባከነ ማለት ነው። ስለዚህ «ለብክነት 5 በመቶ» ብሎ በደፈናው ከመጨመር፣ ቢያንስ ብዙ ብረት ለሚወስዱት ክፍሎች የአቆራረጥ ዝርዝር ይሥሩ።

የለኩትን ከሥራ ዝርዝሩ ጋር ያስተያዩ። ጊዜ ካጠረ ከጠቅላላው ዋጋ አብላጫውን የሚይዙትን ጥቂት የሥራ ዓይነቶች ያስቀድሙ፤ ኮንክሪት፣ ብረት፣ ፎርምወርክ፣ ግንብ፣ የአልሙኒየምና የኤሌክትሪክ ሥራዎች ብዙውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ናቸው። ትልቅ ልዩነት ካገኙ በጽሑፍ ያሳውቁ እንጂ ቁጥሩን በራስዎ አይለውጡ።

ደረጃ 4፦ ዋጋ ከመጻፍዎ በፊት አሠራሩን ይወስኑ

ሥራውን ከሚመራው መሐንዲስና ልምድ ካለው ፎርማን ጋር ይቀመጡ። ኮንክሪቱ በቦታው ይቦካል ወይስ ተዘጋጅቶ ይመጣል? ወደ ላይ የሚወጣው በፓምፕ ነው፣ በክሬን ወይስ በዊንች? ፎርምወርኩ ስንት ስብስብ ይሆናል፣ እያንዳንዱስ እየተነቀለ ስንት ጊዜ ይዞራል? ከዚያ ሻካራም ቢሆን የጊዜ ሰሌዳ ይሳሉ። ሰሌዳው የሚያስፈልገው ለጨረታው ሰነድ ማሟያ ብቻ አይደለም። የክሬኑ ኪራይ ስንት ወር እንደሚቆይ፣ ቁፋሮው ዝናብ ላይ ይወድቅ እንደሆነ፣ ብረቱ በየትኛው ወር እንደሚገዛ የሚነግርዎት እሱ ነው።

የፎርምወርኩ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ስለሚናቅ ልጨምርበት። ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሶሌታ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 6.7 ሜትር ካሬ ያህል ፎርምወርክ ይፈልጋል። 30 በ30 የሆነ ምሰሶ ደግሞ 13.3 ሜትር ካሬ። ያው አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው፤ የሚያስከትለው የአናጺ ሥራ ግን እጥፍ ነው። ጣውላው ስድስት ጊዜ ይዞራል ብለው ዋጋውን ለስድስት ካካፈሉ በኋላ ሰሌዳው ሦስት ጊዜ ብቻ እንዲዞር የሚያስገድድ ከሆነ የዕቃ ወጪው በእጥፍ ተሳስቷል።

ደረጃ 5፦ ነጠላ ዋጋውን ከሥሩ ይገንቡ

እያንዳንዱ ነጠላ ዋጋ ሦስት ክፍል አለው፤ ዕቃ፣ ጉልበት፣ መሣሪያ። ለእያንዳንዱ የሥራ ዓይነት አንድ የትንተና ወረቀት ያዘጋጁና ሦስቱን ለየብቻ ያስሉ።

ዕቃ። በ1፡2፡4 ቅልቅል (አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አራት እጅ ጠጠር) የሚሠራ ኮንክሪትን እንውሰድ። አንድ ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ ኮንክሪት ለማግኘት 1.54 ሜትር ኩብ ያህል ደረቅ ዕቃ ይያዛል። ይህ ለ7 ሲካፈል አንዱ እጅ 0.22 ሜትር ኩብ ነው። ሲሚንቶው በሜትር ኩብ 1440 ኪሎ ግራም ተብሎ ሲሰላ 317 ኪሎ ግራም፣ አሸዋው 0.44፣ ጠጠሩ 0.88 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለብክነት 5 በመቶ ሲጨመር ሲሚንቶው ወደ 333 ይደርሳል።

አሁን ወደ ስፔሲፊኬሽኑ ይመለሱ። እዚያ ላይ «ከ360 ኪሎ ግራም ያላነሰ ሲሚንቶ» ተብሎ ቢገኝ ከላይ የተሰላው 317 ዋጋ የለውም። ልዩነቱ በሜትር ኩብ 43 ኪሎ ግራም ነው፤ 500 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ባለው ሕንፃ 21.5 ቶን፣ በባለ 50 ኪሎው 430 ከረጢት ይሆናል። የቅልቅል ቀመር ለመነሻ ይጠቅማል፤ የሚያስከፍለው ግን በሰነዱ የተጻፈው ነው።

የዕቃ ዋጋ ሁልጊዜ ሥራ ቦታ ደርሶ፣ ተራግፎ፣ ተቀምጦ የሚያወጣው ነው። የፋብሪካ በር ዋጋ ከትራንስፖርት፣ ከማራገፊያ፣ ከግብርና ከመጋዘን ወጪ በፊት ያለ ቁጥር ነው። በየትኛው ወር እንደሚገዛም ይመልከቱ። ውሉ የዋጋ ማስተካከያ የማይፈቅድ ከሆነና ዋጋ በየወሩ 1 በመቶ ይጨምራል ብለው ካሰቡ፣ በስምንተኛው ወር የሚገዛ ብረት ከዛሬው ዋጋ 8.3 በመቶ ከፍ ብሎ መያዝ አለበት።

ጉልበት። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መታወቅ አለበት፤ ቡድኑ በሰዓት ምን ያህል ይሠራል፣ የአንድ ሰዓት እውነተኛ ዋጋስ ስንት ነው? የኮንክሪት ሙሌት ቡድን አንድ ፎርማን፣ አንድ የሚክሰር ኦፕሬተር፣ አንድ የቫይብሬተር ኦፕሬተር፣ ሁለት ግንበኞችና 10 የቀን ሠራተኞች አሉት እንበል። ፎርማኑ ሌላ ቡድንም ስለሚመራ ግማሽ ጊዜው ብቻ፣ ማለትም 0.5 ይያዛል። ድምሩ 14.5 ነው። ቡድኑ በሰዓት 2 ሜትር ኩብ ቢሞላ ለአንድ ሜትር ኩብ 7.25 የሰው ሰዓት ይወጣል። ምርቱ ወደ 1.5 ቢወርድ 9.67 ይሆናል፤ የጉልበት ወጪው በሦስተኛ እጅ አደገ ማለት ነው። የምርት መጠንን ከራስዎ የሥራ መዝገብ እንጂ ከመማሪያ መጽሐፍ አይውሰዱ። በምድር ወለል የሚሞላውና በስድስተኛ ፎቅ የሚሞላው ቡድን እኩል አይሠራም።

የሰዓት ዋጋ ደግሞ ደመወዝ ለሰዓት ተካፍሎ ብቻ አይገኝም። በወር 26 ቀን የሚከፈለው ሠራተኛ በበዓል፣ በዝናብና ዕቃ በመጠበቅ ምክንያት 22 ቀን ብቻ ቢሠራ እያንዳንዱ የሥራ ሰዓት 18 በመቶ ይወደዳል። በዚያ ላይ መድን፣ የጡረታ መዋጮ፣ የደኅንነት ልብስ፣ መጓጓዣና አነስተኛ የእጅ መሣሪያ ይጨመርበታል።

መሣሪያ። የተገዛ መሣሪያ ነጻ አይደለም። እርጅናው፣ ጥገናው፣ ነዳጁ፣ ኦፕሬተሩ፣ የታሰረበት ገንዘብ ወለድና ወደ ቦታው ማጓጓዣው ሁሉ ይቆጠራል። ለ8 ሰዓት ተከራይቶ 5 ሰዓት ብቻ የሚሠራ ማሽን የአንድ ውጤታማ ሰዓት ዋጋው 1.6 እጥፍ ነው።

የአፈር ማጓጓዣን ስናሰላ ስህተቱ በግልጽ ይታያል። 16 ሜትር ኩብ የሚይዝ ገልባጭ መኪና በአንድ ሰዓት አንድ ጊዜ ይመላለሳል እንበል፤ 15 ደቂቃ ለመጫን፣ 40 ለመሄድና ለመመለስ፣ 5 ለመድፋት። በጥድፊያ የሚያሰላ ሰው 8 ሰዓት በ16 አባዝቶ በቀን 128 ሜትር ኩብ ይላል። አፈር ግን ሲቆፈር ያብጣል፤ እብጠቱ 25 በመቶ ከሆነ በመኪናው ላይ ያለው 16 ሜትር ኩብ መሬት ውስጥ ሳለ 12.8 ነበር። በሰዓት ውስጥ በእርግጥ የሚሠራው 50 ደቂቃ ያህል ነው ብንል ደግሞ የቀኑ ምልልስ ስድስት ብቻ ይሆናል። ስድስት በ12.8፣ 76.8 ሜትር ኩብ። ከመጀመሪያው ስሌት 60 በመቶው ብቻ ነው፤ አፈሩን የማጓጓዣ ዋጋም በዚያው ልክ ይለወጣል። ድንጋያማ ሲሆን እብጠቱ ከዚህም ይብሳል።

ደረጃ 6፦ የአቅራቢዎችንና የንዑስ ተቋራጮችን ዋጋ ያስተካክሉ

ለእያንዳንዱ ዋና ዕቃና ልዩ ሥራ ቢያንስ ሦስት የጽሑፍ ዋጋ ያሰባስቡ። ሲመጡ ግን ዝቅተኛውን ከማንሳትዎ በፊት እኩል ያድርጓቸው። አንዱ ሊፍት አቅራቢ ተከላውን ጨምሯል፣ ሌላው አልጨመረም፤ አንዱ ግብርን ለይቶታል፤ አንዱ መወጣጫና መብራት በዋናው ተቋራጭ ይሁን ብሏል። ልዩነቶቹን በአንድ ሰንጠረዥ ጎን ለጎን አድርገው የጎደለውን ሲሞሉ ርካሽ ይመስል የነበረው ብዙ ጊዜ ርካሽነቱ ያበቃል። ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸናም ይመልከቱ። የጨረታው ዋጋ ለ120 ቀን የሚጸና ሆኖ የአቅራቢው ለ30 ቀን ብቻ ከሆነ ክፍተቱን የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት።

ደረጃ 7፦ የሥራ ቦታውን ወጪ በወር ያስሉ

የሳይት ቢሮ፣ አጥር፣ ጥበቃ፣ የመሐንዲስና የፎርማን ደመወዝ፣ ውኃ፣ መብራት፣ ተሽከርካሪ፣ መድን፣ የዋስትና ኮሚሽን፣ የላቦራቶሪ ሙከራ፣ መጨረሻ ላይ የማጽዳትና የመልቀቅ ወጪ፤ እነዚህን በመቶኛ ገምቶ መጣል የተለመደ ነው። አብዛኛዎቹ ግን ከጊዜ ጋር የሚሄዱ ናቸው። ስለዚህ ለሁለት ይክፈሏቸው። አንድ ጊዜ የሚወጡት በአንድ ወገን፣ በየወሩ የሚወጡት በሌላ ወገን ሆነው ሁለተኛዎቹ በጊዜ ሰሌዳው ወር ይባዙ። ሥራው በ12 ወር ያልቃል ተብሎ 14 ወር ቢፈጅ የሁለት ወር ወጪ ከየት እንደሚመጣ አስቀድመው ያዩታል።

ደረጃ 8፦ አደጋን፣ የገንዘብ ወጪን፣ አስተዳደርንና ትርፍን ለየብቻ ያስቀምጡ

አራቱን በአንድ መቶኛ ማደባለቅ ኋላ የትኛው እንደተነካ እንዳይታወቅ ያደርጋል።

ለአደጋ፣ ዝርዝር ይጻፉ። ለምሳሌ ድንጋይ የማጋጠሙ ዕድል 30 በመቶ፣ ካጋጠመም የሚያስወጣው 200,000 ከሆነ 60,000 ይያዛል። ይህ ስሌት ለብዙ ትናንሽ አደጋዎች በደንብ ይሠራል። አንድ ትልቅ አደጋ ሲሆን ግን አይበቃም፤ ድንጋዩ ከመጣ የሚወጣው 200,000 እንጂ 60,000 አይደለም። እንዲህ ያለውን በማብራሪያ ጥያቄ ድንበር ማበጀት፣ ካልሆነም ኩባንያው ሊሸከመው ይችል እንደሆነ ኃላፊው እያወቀ እንዲወስን ማድረግ ይገባል።

ለገንዘብ ወጪ፣ ወር በወር የሚወጣውንና የሚገባውን ያነጻጽሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) የግንባታ ውል መሠረት አሠሪው የሚከፍለው መሐንዲሱ የክፍያ ጥያቄውን ከተቀበለ በ56 ቀን ውስጥ ነው። በወሩ መጀመሪያ የተሠራ ሥራ በወሩ መጨረሻ ሲጠየቅ ገንዘቡ እጅ እስኪገባ ሦስት ወር ሊጠጋ ይችላል። ያን ያህል ጊዜ ሠራተኛና አቅራቢ የሚከፈሉበት ገንዘብ ከባንክ ከመጣ ወለድ አለው፣ ከኪስ ከወጣም ሌላ ሥራ ላይ አልዋለም።

ለአስተዳደር፣ የዋና መሥሪያ ቤቱን ዓመታዊ ወጪ በዓመቱ ለሚጠበቀው ሥራ ያካፍሉ። ወጪው 6 ሚሊዮን፣ ሥራው 80 ሚሊዮን ከሆነ 7.5 በመቶ ነው። ሥራው ወደ 50 ሚሊዮን ሲወርድ 12 በመቶ ይሆናል። ባለፈው ዓመት የሠራ መቶኛ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል የምለው ለዚህ ነው።

ትርፍ ሲጨምሩ መቶኛው ከወጪው ነው ወይስ ከመሸጫው የሚለውን ይለዩ። ቀጥተኛ ወጪ 1000 ሆኖ አስተዳደርና ትርፍ በድምሩ ከመሸጫ ዋጋው 20 በመቶ እንዲሆን ከተፈለገ ስሌቱ 1000 ለ0.80 ሲካፈል፣ 1250 ነው። 1000 በ1.20 ያባዛ ሰው 1200 ያገኛል፤ የቀረው 50 ከትርፉ ላይ የሚነሳ ነው።

ደረጃ 9፦ ይፈትሹ፣ ያስገቡ፣ ይመዝግቡ

ግምቱን ያልሠራ ሌላ ሰው እንዲፈትሸው ያድርጉ፤ ለዚህም ከማስገቢያው ቀን በፊት ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን ይተዉ። ፈታሹ በሁለት በኩል ይመልከት። አንደኛ፣ ጥምርታዎች ልክ ይመስላሉ? ብረት በሜትር ኩብ ኮንክሪት ስንት ኪሎ ግራም ወጣ? የፎርምወርኩ ስፋት ከኮንክሪቱ ጋር ይመጣጠናል? የሁለቱ ወገን ልስን ስፋት ከግድግዳው ስፋት ሁለት እጥፍ ይጠጋል? ሁለተኛ፣ ስሌቱ ራሱ፦ በኤክሴል ውስጥ ኋላ የገባ መስመር ከድምሩ ቀመር ውጭ ቀርቶ እንደሆነ፣ ሜትር ካሬ በሜትር ኩብ፣ ኪሎ ግራም በኩንታል ተሳስቶ እንደሆነ፣ የዜሮ ቁጥር ተዛብቶ እንደሆነ። በብዙ የጨረታ ሰነዶች ነጠላ ዋጋና ጠቅላላው ሲለያዩ ነጠላው፣ ቁጥርና ፊደል ሲለያዩ በፊደል የተጻፈው ይጸናል። ስለዚህ አንድ የተሳሳተ ነጥብ አሸናፊውን ሊያስለቅስ ይችላል።

በመጨረሻው ሰዓት የሚመጣ ርካሽ ዋጋ ይፈትናል። ምን ምን እንደሚያካትት ለማረጋገጥ ጊዜ ከሌለ ይተዉት። መጀመሪያ ላይ የሚሠሩትን ሥራዎች አስወድዶ የኋለኞቹን ማርከስም እንዲሁ ይፈትናል፤ አሠሪው ሚዛኑን የሳተ ዋጋ ብሎ ሊጥለው ወይም ተጨማሪ ዋስትና ሊጠይቅበት ይችላል፤ መጠኖች ሲለወጡም ጉዳቱ ወደ ተቋራጩ ይዞራል። ኃላፊው ዋጋ መቀነስ ከፈለገ ከትርፍ ወይም ከአደጋ መጠባበቂያው በግልጽ ይቀንስ እንጂ የሠራተኛውን ምርት በወረቀት ላይ አያሳድግ።

ፖስታው ከታሸገ በኋላ የትንተና ወረቀቶቹን፣ የተሰበሰቡትን ዋጋዎችና የተወሰዱትን ግምቶች በአንድ ማኅደር ያስቀምጡ። ጨረታው ሲከፈት የሌሎቹን ዋጋ ይመዝግቡ፤ ከሁለተኛው በጣም ርቀው ካሸነፉ ውል ከመፈረምዎ በፊት ግምቱን እንደገና ይክፈቱት። ሥራው ሲጀመር ደግሞ ፎርማኑ በየቀኑ የሚሞላው ቀላል ቅጽ ይኑር፤ የሥራው ዓይነት፣ የወለሉ ደረጃ፣ የቡድኑ ቁጥር፣ የተሠራበት ሰዓት፣ የተሠራው መጠን፣ የዋለው ዕቃ፣ የአየሩ ሁኔታና ሥራው ከቆመ ምክንያቱ። በወሩ መጨረሻ እነዚህን በደረጃ 5 ከያዟቸው ቁጥሮች ጎን ያስቀምጧቸውና ለቀጣዩ ጨረታ የሚውለውን የምርት ሰንጠረዥ በእነሱ ያስተካክሉ።